የኦቦ ጎበና የመጨረሻ ርክክብ

ክቡራን አባቶች፣ የለቅሶው ባለቤቶች፣ መንገዱ እንዲህ በሚያስፈራበት ሰሞን ከተጂ፣ ከፉሪ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ድረስ እግራችሁን ያነሳችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ ስሜ ገብረየስ ይባላል፣ በሰበታው የክር ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ነኝ፣ የሟች የበኩር ልጅ የሶያማ የክርስትና አባት በመሆኔም ላለፉት ሃያ ስድስት ዓመታት ከኦቦ ጎበና ጋር አበልጅ ስንባባል ኖረናል። ዛሬ ጠዋት ከፋብሪካው አስተዳደር ከአበባው ጋር ሁለት ገጽ ጽሑፍ ተልኮልኝ «ይህንን አንብብ» ተብዬ ነበር። ጽሑፉ ሟች «ጠንካራና ተባባሪ የሥራ ቡድን በመገንባት ለተቋሙ ምርጥ ተሞክሮ ያበረከቱ» ሰው እንደነበሩ አምስት ጊዜ ይላል፤ ቆጥሬዋለሁ። ውሸት ነው አልልም። ነገር ግን ያ ቡድን እንዴት እንደ ፈረሰ አንድ ቃል ስለሌለበት አጥፌ ኪሴ ከትቼዋለሁ፤ የማነበው ሟች ራሳቸው በመጨረሻው ሳምንታቸው እየነገሩኝ በገዛ እጄ የጻፍኩትን ነው። ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

ኦቦ ጎበና ዲሪርሳ ከአባታቸው ከኦቦ ዲሪርሳ ቱሉና ከእናታቸው ከአዴ ብርቄ ሆርዶፋ በ1952 ዓ.ም. ከተጂ ከተማ ወጣ ብሎ ጤፍና ሽምብራ በሚዘራበት ሜዳ ተወለዱ። አባታቸው ለአጨዳ ደቦ በጠሩ ቁጥር አጫጆቹን ሲያሰልፉ፣ ደካማውንና አዲሱን ሰው ከዳር ሳይሆን ከመሃል፣ በሁለት ብርቱዎች መካከል ያስገቡት እንደነበር ሟች እስከ እርጅናቸው ድረስ ያወሩ ነበር፤ ከዳር የቆመ ሰው ሲደክመው ማንም ሳያየው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ከመሃል የቆመውን ግን ግራና ቀኙ ይዘውት ይሄዳሉ ይሉ ነበር። ትምህርታቸውን በተጂ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተከታተሉ በኋላ አባታቸው በድንገት በማረፋቸው ትምህርቱን ትተው በ1971 ዓ.ም. ወደ ሰበታ መጡ፣ በክር ፋብሪካውም የጥጥ ብናኝ ጠራጊ ሆነው ተቀጠሩ። ያንን ብናኝ በመጥረጊያ ጀምረው በሳንባቸው ጨረሱት።

በ1976 ዓ.ም. ዛሬ ከፊታችን ተቀምጠው የሚያለቅሱትን ወይዘሮ ድንቅቱን በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን አገቡ፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ልጅ ጠብቀው፣ ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ፣ በ1984 ዓ.ም. ሶያማን፣ በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ሌሊሴን አገኙ። ወይዘሮ ድንቅቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ባሌ ባለ ሁለት ትዳር ነው፣ አንዷ እኔ ነኝ፣ ሁለተኛዋ ፈረቃ ‹ለ› ናት» እያሉ ያስቁን ነበር። እየሳቁም ቢሆን የምራቸውን ነበር።

ልጆቹ ከመወለዳቸው በፊት፣ በ1979 ዓ.ም.፣ ሟች በመፍተያ ክፍል የማሽን ሠራተኛ በነበሩበት ጊዜ፣ ከእሳቸው በፊት ከነበረው ፈረቃ አንድ ሠራተኛ የማሽኑን የሚሽከረከር ጥርስ መሸፈኛ ክዳን ብሎን ሰብሮ፣ ለሰበረ ሰው የሦስት ቀን ደመወዝ ይቆረጥ ስለነበር ያንን ፈርቶ፣ ክዳኑን እንዲሁ በላዩ አስቀምጦ ወጥቶ ነበር። ሟች ማሽኑን አስነስተው ጎንበስ ሲሉ ክዳኑ ተንሸራተተና ጥርሱ የግራ እጃቸውን ሁለት ጣቶች ወሰደው። ከሆስፒታል ሲመለሱ ሁላችንም ያንን ሰው አድነው ይይዙታል፣ ይካሰሳሉ ብለን ስንጠብቅ እሳቸው ማን ነው ብለው አልጠየቁም፤ የጠየቁት ሰውየው ለምን እንደ ፈራ ነው። እኔ ያኔ ወጣትና ቁጡ ስለነበርኩ በዚህ ጥያቄያቸው በጣም ተናድጄባቸው ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የፈረቃ «ለ» ፎርማን ሆነው ሲሾሙ ያንን ጥያቄ ወደ ሕግ ለወጡት። ወጪውና ገቢው ሠራተኛ በማሽኑ ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ ወጪው የሰበረውን፣ ያበላሸውን፣ የረሳውን በአፉ ይናገራል፤ ገቢው ማሽኑን ዳስሶ «ተረክቤያለሁ» ይላል፤ ይህ ሳይሆን አንድም ሰው ክፍሉን ለቆ አይወጣም። በርክክብ ላይ የተነገረ ጥፋት አያስቀጣም፤ አስተዳደሩ ከጠየቀም ፎርማኑ በራሳቸው ስም ይፈርማሉ። ነገር ግን ጥፋቱ መነገር ያለበት ቀጣዩ ሰው ማሽኑን ሳይነካ በፊት ነው፤ ከተነካ በኋላ የመጣ ንግግር ንግግር አይባልም። ይህችን የመጨረሻዋን ልብ በሉልኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ሁሉ አፍሮ ጥቃቅኑን ብቻ ይናገር ነበር፤ አንዱማ የጓደኛዬን ቆሎ በልቻለሁ ብሎ ተናዞ ክፍሉ በሳቅ ፈርሷል። እየቆየ ግን ሰዉ እየደፈረ መጣ፤ የተሰበረው በጊዜ ይታወቅ፣ በጊዜም ይጠገን ጀመር፤ በፋብሪካው ውስጥ ጉዳት ያልደረሰበት ፈረቃ ቢኖር የእሳቸው ብቻ ሆነ። ከቡራዩና ከሱሉልታ ፋብሪካዎች ሰዎች እስክሪብቶ ይዘው ተሞክሮ ሊቀስሙ መጡ። አስተዳደሩም ሕጉን በወረቀት አሳትሞ በመስተዋት አስገብቶ በኮሪደሩ ሰቀለው፣ የእሳቸውን ስም ግን አልጻፈበትም።

በ2003 ዓ.ም. ከደቡብ የመጣች ኤልሳቤት የምትባል ሠራተኛችን ለሦስት ቀናት ከሥራ ቀረች። የት እንደምትኖር የሚያውቅ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም፤ አብረናት ስንሠራ ሁለት ዓመት ሊሞላን ነበር። በአራተኛው ቀን ኦቦ ጎበና ቤት ለቤት እየጠየቁ፣ ፉሪ ዳገቱ ላይ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ በታይፎይድ ራሷን ስታ አገኟት፣ ተሸክመው አወጧት፣ ተረፈች። ዛሬ ከነልጆቿ እዚህ ቆማለች። ሟች በማግሥቱ ባለ ካሬ ደብተር ገዝተው መጡና ለያንዳንዳችን አንድ አንድ ገጽ ሰጡን፤ የት እንደምንኖር፣ አከራያችን ማን እንደሆነ፣ ብንታመም ለማን እንደሚደወል፣ ከቤት ብንታጣ የት እንደምንገኝ በገዛ እጃችን ጻፍን። ከዚያ ወዲህ በፈረቃችን የታመመ ሳይጠየቅ፣ የወለደች ገንፎ ሳይደርሳት፣ ያዘነ ሳይጽናና ቀርቶ አያውቅም። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ እንደዚያ ያለ ደብተር በሌላ ቦታ አላየሁም።

በ2004 ዓ.ም. ጌዲ የሚባል ወጣት ከሆሳዕና ወዲያ መጥቶ ተቀጠረ፤ በዓመቱ ደግሞ የፉሪ ገበሬ ልጅ ባይሳ። ኦቦ ጎበና እንደ አባታቸው ደቦ ባይሳን ከመሃል፣ ከጌዲ ማሽን አጠገብ አስገቡት። ጌዲ የተበጠሰ ክር በአንድ እጅ መቀጠልን ለባይሳ አስተማረው፤ ባይሳ ደግሞ ለጌዲ ኦሮምኛ፣ በተለይም ስድቡን አስቀድሞ አስተማረው። ጌዲ ጴንጤ ነው፣ ረቡዕና ዓርብን አይጾምም፤ ነገር ግን በአንድ ሳህን ነበርና የሚበሉት፣ ለባይሳ ሲል አብሮት ይጾም ነበር። ስናበሽቀው «ጾሙ የእናንተ ነው፣ ሳህኑ ግን የእኔም ነው» ይለን ነበር። ባይሳ ከወላጆቹ ጋር ሲጣላ ወይም ከተማው ሲታመስ ቡራዩ አክስቱ ቤት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያድር ስለነበር ያንን በደብተሩ ገጹ ላይ ጻፈ፤ ከደብተሩ ሌላ ያንን ቤት የሚያውቀው ጌዲ ብቻ ነበር፣ አንድ ጊዜ ታሞ ሊጠይቀው ሄዷልና።

የባይሳ አባት መሬት ለቤት ግንባታ ተብሎ ከተወሰደ ቆይቷል፤ የተከፈላቸው ካሳ ሁለት በሬ አይገዛም ነበር። በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የማስተር ፕላኑ ነገር ሲነሳና ወጣቱ ሁሉ መንገድ ሲወጣ ባይሳም ወጣ። ኦቦ ጎበና ራሳቸው ከተጂ መንገድ እስከ ፉሪ ያሉ ዘመዶቻቸው መሬት አልባ ሲሆኑ ያዩ ሰው ነበሩና አልከለከሉትም፤ ሥራ ቦታ ግን ማንም ማንንም በወገኑ እንዳይጠራ፣ የውጪው ነገር በርክክብ ሰዓት እንዳይገባ አዘዙ፣ እኛም አከበርናቸው። ጥር ላይ ፕላኑ ቀረ ተባለ። ነገሩ ግን አልቀረም፤ በ2009 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ሰበታ ዙሪያ ጭስ በጭስ ሆነ።

ያን ዕለት እኛ ሥራ ላይ ነበርን፣ ባይሳ የዕረፍት ቀኑ ነበር። ወደ እኩለ ቀን ብዙ መቶ ወጣት ጎማና ቤንዚን ይዞ በሩን ሲከብብ፣ ባይሳም ከመካከላቸው ነበር። ውስጥ ከደቡብ የመጡት ልጆች ከጥጡ ክምር ጀርባ ተጠግተው ያለቅሱ፣ ይጸልዩ ነበር። ኦቦ ጎበና ዘበኛው የሸሸበትን በር ከፍተው ብቻቸውን ወጡ፣ «ኢጆሌ ኮ፣ ልጆቼ» እያሉ ለመኑ፤ የሚሰማቸው አልነበረም። ያን ጊዜ ባይሳ ከሰልፉ ወጥቶ ጀርባውን ለበሩ ሰጠና በኦሮምኛ እንዲህ አለ፦ «መሬቴ የተወሰደብኝ እኔ ነኝ፣ ቂሙ የእኔ ነው። ግን እዚህ ውስጥ ጌዲ አለ። ጌዲን ሳታስወጡ አታቃጥሉም፤ ጌዲ ደግሞ ማሽኑን ሳያስረክብ አይወጣም፣ እኔ አውቀዋለሁ፣ ግትር ነው።» ፊት ከነበሩት አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሌላው ሳቀ። እንደ ምንም ብለው ተመለሱ፤ በዚያ ሳምንት ካልተቃጠሉት ፋብሪካዎች አንዱ የእኛ ሆነ።

አስተዳደሩ በሳምንቱ ግብዣ አደረገ። እንግዶች መጡ፣ ቢራ ቀረበ፣ ይህ ፈረቃ እንዴት እንዲህ ሊፋቀር ቻለ ተብሎ ተጠየቀ። ከመካከላችን አንዱ፣ ሁለት ቢራ ሞቅ ያደረገው፣ ተነሥቶ «እኛ ጋ እኮ የት እንደሚያድር የማይታወቅ ሰው የለም፣ ከቤቱ ቢታጣ እንኳ የት እንደሚገኝ በደብተር ተጽፏል» ብሎ ደነፋ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ከአጨብጫቢዎቹ አንዱ ምን ዓይነት ደብተር ነው ብሎ በትህትና ጠየቀ።

በዚያው ሰሞን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። ጥቅምት ውስጥ የአስተዳደር ኃላፊው ኦቦ ጎበናን አስጠርተው፣ ለፈረቃው ሠራተኞች በየቤታቸው የምስጋና ደብዳቤ ሊላክ ስለሆነ፣ በተጨማሪም እንደ ሰፈራቸው ሰርቪስ ሊመደብ ስለሆነ ደብተሩን ያምጡልኝ አሏቸው። ኦቦ ጎበና አመኑ። ሕይወታቸውን ሙሉ የተነገራቸውን አምነው የኖሩ ሰው፣ ያን ቀን ለይተው እንዴት አያምኑ? አስረካቢ በሚለው ሥር ፈርመው፣ ለፈረቃው ሳይነግሩ ሰጡ። ደብተሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለስ የአሥራ አንድ ገጾች ጫፍ ታጥፎ ነበር፤ አሥራ አንዱም የአካባቢው ተወላጅ ወጣቶች ናቸው። ደብዳቤም ሰርቪስም አልመጣም። በዚያው ሳምንት አሥራ አንዱም ተያዙ፤ አሥሩን ከየቤታቸው፣ ባይሳን ደግሞ ከሰልፉ ጋር በሩ ላይ ታይተሃል ተብሎ ቡራዩ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ፋብሪካውን ያዳነው ልጅ ፋብሪካውን ሊያቃጥል መጣህ ተባለ። ጉድ እኮ ነው!

አሥሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመለሱ፣ ባይሳ ግን አልተመለሰም። ሰዉም ጠቋሚውን መፈለግ ጀመረ፣ ለማግኘትም አልተቸገረም፤ የቡራዩን ቤት የሚያውቅ ጌዲ ብቻ ነው፣ ጌዲ ደግሞ መጤ ነው። በአንድ ሳህን ይበሉ የነበሩት ሳህናቸውን ከፊቱ አነሡ። በርክክብ ሰዓት ከጎኑ የሚቆም ጠፋ፤ ብቻውን ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ጥፋቱን ለግድግዳ ይናገር ነበር። የኪራይ ቤቱ መስኮት በድንጋይ ተሰበረ። አዴ ገለቴ፣ የባይሳ እናት፣ ፋብሪካው በር ድረስ መጥተው ረገሙት፤ አልፈርድባቸውም፣ እናት ናቸው። ታኅሣሥ ላይ ጌዲ ኦቦ ጎበና ዘንድ ሄዶ «ጋሼ፣ አንቱም ያምናሉ?» አላቸው። አላምንም አሉት። ይህን ያሉት ግን ለእሱ ብቻ፣ በጆሮው ነው፤ ለፈረቃው አልተናገሩም። ጌዲም ልብሱን ጠቅልሎ ሱሉልታ ሄዶ የኮንክሪት ባሬላ ተሸካሚ ሆነ።

ኦቦ ጎበና የታጠፉትን ጫፎች አንድ በአንድ አቃንተው ደብተሩን ከፍራሻቸው ሥር አስገቡት። ወይዘሮ ድንቅቱ እንደነገሩኝ በየጊዜው እያወጡ ያዩት ነበር፤ የታጠፈበት መስመር ግን አልጠፋ አላቸው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ጥፋትህን ተናገር ሲሉ የኖሩ ሰው የራሳቸውን መናገር አቃታቸው። ብናገር ፈረቃው ይፈርሳል ብለው ነበር ለራሳቸው የነገሩት። ፈረቃው ሳይናገሩም ፈረሰ። ማሽኑን አጥፍቶ ዝም ብሎ መውጣት ተጀመረ፣ የሰበረ መደበቅ ጀመረ፣ እሳቸውም ከቀን ወደ ቀን ሳሉ እየጠናባቸው ሄደ፤ ሐኪም የጥጥ ብናኝ ሳንባቸውን እንደ ጨረሰው ነገራቸው፣ ፋብሪካው ደግሞ ሲጋራ አጭሰው ሊሆን ይችላል አለ። ሲጋራ በአፋቸው ገብቶ አያውቅም። በ2009 ዓ.ም. ሰኔ ላይ በሕመም ምክንያት ተብለው ያለ ሽኝት ተሰናበቱ፤ ያ በመስተዋት የገባው ሕግ ግን ዛሬም ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል፣ አቧራውን እየጠረጉ ያቆዩታል።

ባለፈው ጥር መጨረሻ ባይሳ ተፈታ። ከአሥራ አራት ወር በኋላ ነው፣ በአንድ እግሩ እያነከሰ። ኦቦ ጎበና ይህንን ሲሰሙ ከአልጋቸው ተነሡ፣ እኔና ሶያማ ደግፈን ፉሪ ወሰድናቸው። ባይሳ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ አገኘነው፤ አቅፎ ሳማቸው፣ አዴ ገለቴም ወተት አቀረቡላቸው። ኦቦ ጎበና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሽምብራው ዋጋ፣ ስለ ሌሊሴ ልጅ ጥርስ አወሩ። ባይሳ «ጌዲ የት ገባ? ባገኘው እገድለው ነበር» ሲል ወተቱን አስቀመጡ፣ ደክሞኛል አሉን። መንገድ ላይ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፦ «አልቻልኩም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከአልጋ አልተነሡም።

የካቲት 14 ቀን 2010 ዓ.ም. ከማረፋቸው ሦስት ቀን አስቀድሞ ደብተሩን አስወጥተው ሰጡኝ፣ ይህን ሁሉ አስጻፉኝ፣ በቀብሬ ላይ ካላነበብከው አበልጅ አይደለህም ብለው አስማሉኝ። እንግዲህ እያነበብኩት ነው። ባይሳ፣ ልጄ፣ የቡራዩን ቤት ያሳየው ይህ በእጄ ያለው ደብተር ነው፤ ያስረከቡትም ኦቦ ጎበና ናቸው። ጌዲ፣ ወንድሜ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ብቻህን ቆመህ አይሃለሁ፤ ምንም አላደረግህም። አሥራ አራት ወር ሙሉ የሰው ጥፋት ተሸክመህ ኖርክ፣ እኛም እያወቅን አሸከምንህ።

«እኛ» ያልኩት አምልጦኝ አይደለም። ሟች ሲያስጽፉኝ በአንድ ቦታ ላይ «ይህችን ተዋት፣ የእኔ ይበቃል» ብለው ያስዘለሉኝ አረፍተ ነገር አለች፤ እኔ ግን አልዘላትም። በዚያ ግብዣ ላይ በሁለት ቢራ ሞቅ ብሎት ደብተር አለን ብሎ የደነፋው ሰው እኔ ነኝ። ኦቦ ጎበና ከአጠገቤ ተቀምጠው ኮቴን ጎትተው ነበር፣ አልሰማኋቸውም። እኔ ባልናገር ደብተሩ መኖሩን ማንም አያውቅም ነበር። ይህንን እያወቁ እስከ ዕለተ ሞታቸው አንድ ቀን ፊቴን አላጠቆሩብኝም፣ ስሜንም አላነሡም፤ እኔም ጌዲ ሲረገም ከአዴ ገለቴ አጠገብ ቆሜ ራሴን እየነቀነቅኩ እሰማ ነበር። ስለ ፋብሪካው ይህን ያህል የተቆጣሁትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሌላውን መቆጣት ይቀላል። በርክክብ ላይ የተነገረ ጥፋት አያስቀጣም የሚለው ሕግ ለእኔም ለእሳቸውም እንዲሠራልን አልለምንም። ሕጉ ቀጣዩ ሰው ማሽኑን ሳይነካ በፊት ይላል፤ እኛ ግን የተናገርነው ጣቱ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

ኦቦ ጎበና በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ሲያርፉ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ድንቅቱን፣ ልጆቻቸውን ሶያማንና ሌሊሴን፣ አንዲት የልጅ ልጅ፣ እንዲሁም ከፈረቃ «ለ» ሠላሳ ሁለት ሠራተኞች መካከል ዛሬ እዚህ የማያቸውን አሥራ ዘጠኙን፣ በሦስት ቦታ ተለያይተው እንደ ቆሙ፣ ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር አምላክ ያመኑበትን ሳይሆን የፈሩበትን ይቅር ይበላቸው፤ መንገዳቸውን ያብራላቸው፣ ብናኝ በሌለበት፣ እስትንፋስ በማያጥርበት ስፍራ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥልን።

አንድ ኑዛዜ ቀርቷል። የሣጥኑን ፊተኛ ሁለት መያዣዎች፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ አንዱን ጌዲ፣ ሌላውን ባይሳ እንዲይዙላቸው ሟች ለምነዋል፤ «አሁን ደካማው እኔ ነኝ፣ ከመሃላቸው አስገቡኝ» ነው ያሉት። እምቢ ቢሉ የሚቆጣቸው፣ የሚገፋፋቸው ሰው እንዳይኖር፣ ሌላም ሰው በቦታቸው እንዳይገባ ጨምረው አዘዋል። የመሃሉንና የኋላውን እኛ እንይዛለን። አሁን ይህንን ወረቀት አጥፌ ወደ ኋለኛው መያዣ እሄዳለሁ፤ የፊተኞቹን ሁለት ማንም እንዳይነካብኝ።